ሦስት ሰዓት ላይ የሚነሡት

ካዛንቺስ፣ ሚያዝያ 2002 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሉታል እንዳትለኝ። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ትልና ቶሎ ለአጎቴ ለሁዘይፋ ታቀብለዋለህ፤ እኔም ያሰብኩትን ውጬ እቀራለሁ። ይሄኛውን ግን መዋጥ አልቻልኩም። ቡታጅራ ከሄድክ አምስት ወር ሆነህ። አንተና እማዬ እንዲህ የተለያያችሁት በእኔ ዝምታ ነው፤ ዛሬ ልናገረው ቁጭ ብያለሁ።

ነገሩ የጀመረው መብራት በፈረቃ የሆነ ጊዜ ነው። መብራት ከሌለ ቄራ ያለው ብየዳ ቤትህ ባዶ መጋዘን ነው፤ ግራይንደሩ አይጮህም፣ ብየዳው አይበራም። እሑድ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጎ ትዕዛዝ የሚያደርስ ሰው ነበርክ። እንዲህ ሆነህ ሃያ ሰባት ዓመት ከቆየህ በኋላ በሦስት ቀን አንዴ ሥራ የሌለበት ጠዋት እጅህ ገባ።

ሌላው ሰው ያንን ጠዋት ምን እንደሚያደርግበት ያውቅ ነበር። ጎረቤቶችህ ባለ ጋራዦች ዳማ ይጫወታሉ። የእኔ መሥሪያ ቤት ሰዎች ኦሎምፒያ ማኪያቶ ይዘው አለቃ ያማሉ። እማዬ ደግሞ ጠዋት ከተረፈ የታመመ ይጠየቅበታል፣ ብርድ ልብስ ይታጠብበታል፣ የላላ የበር ማጠፊያ ይጠበቅበታል ባይ ናት፤ የእኛን ቤት ማጠፊያ ማለቷ እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ግን ጢምህን ተላጭተህ ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለህ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሱሪህ ነጭ አቧራ ለብሶ ፊትህ ግን በርቶ ትመለሳለህ።

እማዬን ያሳሰባት ያ የበራው ፊትህ ነው። «ሥራ ቆሞበት ደስ የሚለው ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ድንች እየላጠች። «ሌላ ቤት ከመሠረተም ይንገረኝ፣ በቃ። ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል። መደበቁ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ።» ከዚያ እንድከተልህ ላከችኝ። እኔም ሳላፍር እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ነበር። የእማዬን ጥቁር ሻርፕ ተከናንቤ ከካዛንቺስ ጀምሬ ተከተልኩህ። በባምቢስ ወረድክ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጠህ በቂርቆስ በኩል ወደ ቄራ አቀናህ። ታክሲ አልያዝክም። እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ እንደ ጡረተኛ ቀስ እያልክ ነበር የምትሄደው፤ እኔ አንተን የማውቅህ ስትሮጥ ብቻ ነው። ቄራ ልትደርስ ስትል ሁለት ኪሎ ሙዝ ገዛህ። ወንድ ልጅ ለራሱ ሁለት ኪሎ ሙዝ አይገዛም ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ያላለቀ ፎቅ ግቢ ገባህ። ሙዙን ለጥበቃው ለጋሽ ገብረሃና ሰጠኸው፤ አንድ ፍሬ ብቻ ኪስህ ከተህ በደረጃው ወጣህ። ጥበቃው ሙዙን መላጥ ሲጀምር እኔም ሾልኬ ገባሁ። ደረጃው መደገፊያ የለውም፣ የስሚንቶው ብናኝ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። በየፎቁ ቆሜ የሴት ድምፅ አዳመጥኩ። የለም። አምስተኛው ላይ ስደርስ ጣሪያ አልነበረም፤ ሰማይ ብቻ ነው። አንተ ራስህ የበየድካት አንዲት የብረት በርጩማ ላይ ፊትህን ወደ ቄራ መልሰህ ተቀምጠሃል።

«ጫፉ ላይ እንዳትቆሚ» አልከኝ ዞር ሳትል። «ከባምቢስ ጀምሬ አይቼሻለሁ። የእናትሽን ሻርፕ አጥቼው ነው? ነይ፣ ሊነሡ ነው።»

«ምኖቹ?»

«ዝም ብለሽ እዪ።»

ከቄራው አጥር ማዶ፣ በባሕር ዛፎቹና በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ፣ ጥንብ አንሳዎቹ ተደርድረዋል። ስንት ጊዜ ከበታቻቸው አፍንጫዬን ይዤ አልፌአለሁ። ክንፋቸውን ገርበብ አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ታጥቦ የተሰጣ አሮጌ ካፖርት ይመስላሉ። ሰዓትህን አየህና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ አስረዳኸኝ። «ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው ይግላል። የጋለው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ጭልፊቶቹ ቀላል ስለሆኑ እነሱ ቀድመው ይሞክሩታል። እነሱን ካነሣቸው ትልልቆቹ ይከተላሉ።» ይህን ማንም አላስተማረህም። በየፈረቃው እዚያ ቁጭ እያልክ ነው ያወቅከው።

እንዳልከውም ሆነ። በመጀመሪያ ሁለት ጭልፊቶች ከጣሪያው ተነሥተው ዞሩ፣ ከፍ አሉ። ከዚያ አንዱ ጥንብ አንሳ ከባሕር ዛፉ ተወረወረ፤ ወደቀ ስል ክንፉን ዘረጋ። ሲዘረጋ የሳሎናችንን ምንጣፍ ያህላል። አላርገበገበውም፣ አንድም ጊዜ። ዝም ብሎ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ከፍ ይላል። እኛ ካለንበት ትይዩ ሲደርስ ዓይኑን አየሁት፣ እሱም አየኝ። የክንፉ ጫፍ ላባዎች እንደ ጣት ተከፍተው አየሩን ይዳስሳሉ፤ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር፣ ሐር ሲጎተት የሚሰማ ዓይነት ቀጭን ድምፅ። ከእሱ ኋላ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው ተነሣ፤ ትንሽ ቆይቶ መቶ የሚሆኑ ወፎች ከፊታችን እየዞሩ፣ እየዞሩ ሰማዩን ወጡት።

ከታች ወያላው «ጎተራ፣ ጎተራ» እያለ ይጮኻል። ሥጋ የጫነ መኪና ጥሩንባ ይነፋል። ማንም ቀና አላለም። እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ ሃያ አራት ዓመት ስኖር ይህ ሁሉ በየጠዋቱ ከራሴ በላይ ይሆን ነበር፤ አንድ ቀን አላየሁትም። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ወፎቹ የሚስማር ራስ እስኪያክሉ ድረስ ወጡና አንድ በአንድ ወደ ፉሪ ተራራ ተንሸራተቱ። ያን ጊዜም ክንፋቸውን አላርገበገቡም።

«ለእማዬ ለምን አትነግራትም?» አልኩህ።

ሙዝህን ልጠህ ግማሹን ሰጠኸኝ። «ምን ብዬ? እናትሽ በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አብረን እንውጣ አለችኝ። የትም አይደለም፣ ዝም ብለን እንሂድ፣ ከተማውን አሳየኝ አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። በዓመቱ ደግማ ጠየቀችኝ። ሥራ አልኳት። ከዚያ ተወችው።» የያዝከውን ልጣጭ አጣጠፍከው፣ መልሰህ ዘረጋኸው። «አሁን ላንቺ የነፈግኩሽን ጠዋት ለአሞራ ሰጠሁት ልበላት? በምን አፌ? በቃ፣ ይሄ በእኔና ባንቺ ይቅር።»

እሺ አልኩህ።

ቤት ስገባ እማዬ በር ላይ ነበረች። መስቀል አደባባይ ላይ ጠፋብኝ አልኳት። ቀሚሴን አየችው፤ ከጉልበቴ በታች የአንተን ሱሪ ነጭ አቧራ ለብሻለሁ። ከዚያ ፊቴን አየችው። ፊቴን ማጨለም አልቻልኩም አባዬ፣ ወፎቹ ገና ከዓይኔ አልወጡም ነበር። እኔም አንተን መስዬ ነው የገባሁት። እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀስ ብላ «ጥሩ ሰው ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃል ስለገባሁልህ ነው ዝም ያልኩት እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። ምስጢሩ ጣፍጦኝ ነበር። ከቤተሰቡ ሁሉ እኔን የመረጥከኝ መሰለኝና ላካፍለው አልፈለግሁም። እማዬ ደግሞ ሴትዮዋን አይቼ የወደድኳት መሰላት። ሳምንት አልሞላም፣ ሌላ ሴት አለህ ብላ ያንን ሁሉ አለችህ። አንተም «ሃያ ሰባት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ካላመንሽኝ ምን እላለሁ» ብለህ ቦርሳህን አነሣህ፤ ብየዳ ቤቱን ለሠራተኛህ ለደጋጋ ትተህ ሄድክ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያን ቀንም አፌን አልከፈትኩም።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት የአንተን ጀለቢያ እያጣጠፈች፣ አንተ ሳትለብሰው ለስንተኛ ጊዜ እንዳጠበችው እንጃ፣ «እሷ ዘንድ ካልሄደ ምን ሊያደርግ ሄደ?» አለች፣ ለራሷ ነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ የነፈግካትን ጠዋት ብቻ አስቀረሁ፣ እሱ የአንተ ስለሆነ።

«አሞራ?» አለች። «አሞራ ነው የምትዪኝ?»

«ነይ ላሳይሽ።»

ጋሽ ገብረሃና ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ። «የሱሩር ባለቤት ነዎት? ሰውየው የት ጠፋብኝ? ሙዝ ቀረብኝ እኮ።» ጉልበቷን ታውቃለህ፤ በየፎቁ እያረፈች፣ በየፎቁ እየዛተችብኝ ወጣች። «ወላሂ ሪሐና፣ ቀልድሽን ከሆነ ከዚህ ነው የምወረውርሽ» ትለኛለች። አምስተኛው ላይ ምሰሶ ተደግፋ ቆመች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጭልፊቶቹ ወጡ። ከዚያ ትልልቆቹ። አንዱ በጣም ቀረበን፤ ጥላው በእማዬ ፊት ላይ አለፈ። «ሱብሃነላህ» አለች። ደግማ ስትለው ድምፅ አልነበረውም። ከምሰሶው ለቀቀች፤ እነሱ ሲዞሩ እሷም ባለችበት ትዞራለች፣ አንገቷን ሰብራ፣ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ አልመለሰችውም። ከቤት ውጭ ፀጉሯን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሸብቷል አባዬ። የመጨረሻው እስኪጠፋ እኔም ወፎቹን ትቼ እሷን ሳይ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ከላያችን ነበሩ?» አለችኝ በመጨረሻ።

ከዚያ በርጩማህን አየቻት። እግሮቿ መዛግ ጀምረዋል። «አንድ ብቻ ነው የሠራው» አለች። እንደ መቆጣት ብላ ነው ያለችው፣ ግን የመቀመጫውን አቧራ በእጇ ጠረገች። ይቅር በለኝ፣ ያን ጊዜ ያስቀረሁትንም ነገርኳት፤ በሁለተኛው ሳምንት የጠየቀችህን፣ በዓመቱም የጠየቀችህን፣ በምን አፌ ያልከኝን። ስሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

«እሱ የረሳው መስሎኝ ነበር» አለች።

በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄዳ ደጋጋን በርጩማ ሥራልኝ አለችው። እንደ ጋሽ ሱሩር ዓይነት ይሁን ወይ ቢላት፣ «ትንሽ ዝቅ ይበል፣ እግሬ መሬት ይንካ» አለች። ራሷ ተሸክማ አወጣችው፤ ስለምናት አልሰጠችኝም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እንወጣለን። ብርድ ልብስ የለም፣ ማጠፊያም የለም። ሙዙን እሷ ትገዛለች። ሁልጊዜ ኋላ የሚቀረውን አንዱን ጥንብ አንሳ ባሻ ብላ ስም አውጥታለታለች፤ እስኪነሣ ድረስ ትቆጣዋለች። የአንተን በርጩማ ዝገቱን አስፍቃ ቀለም አስቀብታዋለች። እሷ አትቀመጥበትም፣ እኔም ልቀመጥ ስል «ተነሽ» አለችኝ። እኔ ብሎኬት ላይ ነኝ።

ጋሽ ገብረሃና እንደነገረን ባለቤቱ ሥራውን ሊቀጥል ነው፤ ከክረምት በፊት ጣሪያው ይመታል። ዝናብ ከገባ ደግሞ ቆርቆሮውም አይግልም። የቀሩን እሑዶች ጥቂት ናቸው።

ይህን ስጽፍ እማዬ ማዶ ተቀምጣለች። «ተመለስ ብላለች ብለሽ እንዳትጽፊ» አለችኝ። አልጻፍኩም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚነሡት በይው» አለችኝ።

«እማዬ፣ እሱ አይደል እንዴ የነገረኝ? ያውቀዋል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ሁለቱን በርጩማዎች በዓይኗ ውስጥ ያየኋቸው መሰለኝ፣ አንዱ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ አንዱ ዝቅ ያለ።

«ቢሆንም በይው» አለች።

አባዬ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚነሡት።

ልጅህ ሪሐና