ቤቱ የያዛቸው ስሞች

ውድ እፀገነት፣

እንዴት ነሽ? የባሕር ዳር ሙቀት ተስማማሽ? እዚህ ብርዳችንን ስትረግሚ የኖርሽ ልጅ አሁን ጋቢ አማረኝ ብለሻል አሉ፤ የሺዋስ ነው የነገረኝ። ባልሽ ምስጢር አይቋጥርም፣ ይህን ካወቅሽ ቆይተሻል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ድሮ መሥሪያ ቤታችን፣ ወደ ገበሬዎች ዩኒየን ጎራ ብዬ ነበር። አንቺ ወንበር ላይ እመቤት የምትባል የሐሙሲት ከተማ ልጅ ተቀምጣለች። «እስቲ የዘር ድንች የወሰዱትን በየቡድናቸው አሳዪኝ» አልኳት ለወሬ ያህል። ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረገችና አወጣችው። «አስቸግሮሽ አያውቅም?» ብላት፣ ቀና ብላ «ምኑ?» አለችኝ።

እፀዬ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ «ምኑ?» ነው። አንቺ ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ የዚህ ግልጽ ደብዳቤ አንባቢዎች ግን ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥለው ስለሚያነቡ ከሥሩ ልጀምርላቸው።

የሺዋስ ለስልጠና ብሎ ድሬዳዋ ሄደና አንቺን ይዞ ከተፍ አለ። ደብረ ታቦር አወራ፤ እኔም የድርሻዬን አወራሁ። በሠርጉ ማግስት አማትሽን እማማ አሰለፈችን በድሬ ወግ «አንቺ» ስትያቸው ቤቱ ጉና ተራራ ላይ የወጣ ያህል ቀዘቀዘ። ይባስ ብለሽ የባልሽን እኅት ከጓሮ «አልማዝ!» ብለሽ ተጣራሽ። እኛ ዘንድ ሙሽራ የባሏን እኅት በስሟ አትጠራም፤ የራሷን ስም አውጥታ ነው የምትጠራት። ይህን ስነግርሽ በሳቅ ፈረስሽ።

«አቦ የሺ! ስም ላለው ሰው ደግሞ ስም ይወጣል እንዴ?» አልሽኝ።

ቢሆንም ተሸነፍሽና አልማዝን «እቴ አበባ» አልሻት። አማትም በፈንታቸው ለምራታቸው ስም ያወጣሉ፤ እማማ አሰለፈች ግን ዝም አሉ። «ሙሽሪት፣ ውሃ አቀብይኝ።» «ሙሽሪት፣ በሩን ዝጊው።» ዓመት አለፈሽ፣ አሁንም ሙሽሪት። ለሰው ፊት ግድ የሌለሽ ትመስይ ነበር። አንድ ቀን ግን ከገበያ ስንመለስ፣ ፊትሽን ወደ ሌላ አዙረሽ «የሺ፣ እኔ ስም የሚወጣልኝ መቼ ነው?» አልሽኝ።

ዩኒየኑ በሙከራ የቀጠረሽ በዚያው ሰሞን ነው። ግንቦት ገባ። መጋዘኑ ጎንቁሎ በሚጠብቅ የዘር ድንች ተሞልቷል፤ የጉና ገበሬዎች በቅሎአቸውን ይዘው ቅዳሜ ሊመጡ ነው። ኃላፊያችን ማሩ በእጁ የሠራው ሲስተም ውስጥ ስማቸው፣ ቡድናቸው፣ ያዘዙት ዘር ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሲሞላ ከርሟል። ሐሙስ ጠዋት «በል፣ ለየቡድኑ ስንት ነው?» ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ማሽኑ ቀይ ጽሑፍ ተፋ። ደግመን ብንጠይቀው ያንኑ ተፋ።

«እሷ ከመምጣቷ በፊት ደህና ነበር» አለ ማሩ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

ፊትሽ ሲለወጥ አየሁት። ገንዘብ ያዥዋ ፈንታነሽ ነገሩን ላርግብ ብላ፣

«ጸበል ይረጭበት!» አለች።

«ማሽን ላይ ውሃ? ያኔማ ፍታት ነው የሚያስፈልገው» አልኳት።

አንቺ አልሳቅሽም። ቀዩን ጽሑፍ አፍጥጠሽ ታነቢያለሽ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጋሽ ሙላቴ፣ የእማማ አሰለፈች የአክስት ልጅ፣ ከጉና ወርደው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በር ላይ ቆመዋል። «ምን አገኘው?» አሉ።

«ስሞቹ ናቸው» አልሽ።

«የማን ስሞች ልጄ?»

ያኔ ከወንበርሽ ተነሣሽ። «ጋሽ ሙላቴ፣ አንቱ ያውቁታል» አልሽ። «አንቱ» ስትይ የመጀመሪያሽ ነበር፤ ፈንታነሽ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ሙሽራ የባሏን እኅት በስሟ የማትጠራው ስሙ ከፍቶ አይደለም፤ ቤቱ ቀድሞ ይዞታል። እሷ የራሷን ታወጣለች። ይኼም ማሽን እንደዚያ ነው። ለገዛ ሥራው የያዛቸው ቃላት አሉት። ‹ግሩፕ› ሲባል ‹በየቡድኑ ሰብስብ› ያሉት ይመስለዋል። ‹ኦርደር› ሲባል ‹በተርታ ደርድር› ያሉት ይመስለዋል። እኛ ደግሞ የገበሬውን ቡድን ‹ግሩፕ›፣ ያዘዘውን ዘር ‹ኦርደር› ብለን ሰየምንበት። ስንሞላው ቻለን፤ ስንጠይቀው ግን መጠራቱን ይሁን መታዘዙን መለየት አቃተው።»

ጋሽ ሙላቴ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እና ማሽኑም አማት አለው በይኛ!»

እዚህ ላይ ብታቆሚም በቂ ነበር። ማሩም ነገሩ ገባው፣ ማለፊያውንም ያውቃል። «በቃ፣ ስም መሆናቸውን እንዲለይ ቃላቱን በትምህርተ ጥቅስ እንክበባቸውና ይሠራል። አሁኑኑ እንጨርሰው» አለ። እውነቱን ነው፤ ይሠራል።

«ለዛሬ ይሠራል» አልሽው። «ከኔ በኋላ የምትመጣዋስ? በጠየቀች ቁጥር መክበብ እንዳለባት ማን ይነግራታል? አንድ ቀን ትረሳለች። የምትረሳውም ሰው በር ላይ ተሰልፎ ነው።»

«አንቺ እኮ የሙከራ ጊዜሽ ገና አላለቀም፤ ስለምትመጣዋ ምን አስጨነቀሽ? ቅዳሜ ባይደርስ በማን ነው የሚላከከው?» አለሽ ማሩ።

«በኔ።»

ማሩ፣ ያ ኩሩ ማሩ፣ ወንበሩን ጎትቶ አጠገብሽ ተቀመጠ። ዓርብን ሙሉ እሱ እያነበበ አንቺ እየለወጥሽ ዋላችሁ። አሮጌዎቹ ስሞች የተጠሩበትን ቦታ ሁሉ አሰሳችሁ፤ በእነሱ ምትክ «የገበሬ ቡድን» እና «የታዘዘ ዘር» የሚሉትን በላቲን ፊደል ጻፋችሁ። ማሽን ይቅርና ሰማይ ቤትም ሌላ ማንም የማይጠራባቸው ስሞች። ምሳ ሳመጣላችሁ ማሩ «እቺ ልጅ በመጥፎ ስም አትደራደርም» አለኝ። ማሩ ሰው ሲያመሰግን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ገበሬው መጣ። ጠየቅሽው፤ መለሰ። በቅሎዎቹ ተጭነው ወደ ጉና ወጡ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እናንተ ቤት ነበርኩ። ለጥየቃ ነው ያልኩት፤ ለወሬ ነበር። ጋሽ ሙላቴ ቀድመውኝ ሁሉንም አውርተዋል። እማማ አሰለፈች ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ወጋችንን ማሽን ላይ ሠራችበት አሉ» አሉ፤ መቆጣታቸው ይሁን መደሰታቸው አልገባኝም። ከዚያ «እስቲ ወዲህ ነይ» ብለው አስቀረቡሽና፣ በሁላችን ፊት ስም አወጡልሽ።

ማሩ ግድግዳ ሲያናግርብሽ ያላለቀስሽው ልጅ፣ «ልብሱን ላስገባ» ብለሽ ወደ ጓሮ ሮጥሽ። ገመዱ ላይ ልብስ አልነበረም፤ ዛሬም ድረስ አልነገርኩብሽም።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ አልማዝን «እቴ አበባ» ነው የሚላት። እመቤት ደግሞ ያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ምን እንዳዳንሻት ሳታውቅ «ምኑ?» ትላለች። ሳታይሽ ያሰብሽላት ልጅ እሷ ናት። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አለማወቋ ነው የሥራሽ ማማር።

እማማ አሰለፈች ያወጡልሽን ስም እዚህ ልጽፈው እጄ ሄዶ ነበር። ግን አይሆንም፤ ቤቱ የያዘው ስም ነው፣ እሳቸው ብቻ ይጥሩሽ። ትናንት መንገድ ላይ አግኝቻቸው «ለቡሄ ካልመጣች ስሟን ለሌላ ምራት እሰጠዋለሁ በያት» ብለውኛል። ሌላ ምራት የላቸውም፤ ናፍቆት ነው።

ነይ። በራፉ ላይ ቆመው በዚያ ስም ሲጣሩ፣ አንቺም «አቤት እማማ» ስትያቸው ልስማ።

«አቦ»ን ካንቺ ተምራ እስካሁን ያልተወችው፣
የሺሃረግ
ከደብረ ታቦር