ብርዱ ሳይገባ

ለውድ አባቴ

አባዬ፣ እንደምን አለህ? እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ ሳልስ ተሻለህ ወይ? እህል በደንብ ትቀምሳለህ ወይስ አሁንም ሁለት ጉርሻ ወስደህ «ጠገብኩ» እያልክ ሰው ታታልላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔም ባሌም ልጄም አለን፤ ቆመን እንሄዳለን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነን ስልህ ግን እንደ ወትሮው አፌን ሞልቼ አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ትሰማዋለህ።

ይህን የምታነቢለት እህቴ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? በቀኝ ጆሮው በኩል ተቀመጪ፤ በግራው የሚመቸውን ብቻ ነው የሚሰማው። ደግሞ አደራሽን፣ «ይሄ ያስከፋዋል» ብለሽ የምትዘይው መስመር እንዳይኖር። ልማድሽን አውቀዋለሁ።

አባዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ልነግርህ የከበደኝ አንድ ነገር እጄን እየያዘው ነው። አሁን ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

የምንኖረው ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ላይኛው ክፍል ነው። ታችኛውን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ይዘውታል። የኛ ሁለት ክፍልና ጠባብ ወጥ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ የበዛ። ስንከራየው ብርሃኑ ማርኮኝ ነበር። አንተ አናጢው ብታየው ኖሮ ገና ከደጃፉ «ይሄ ቤት ንፋስ ያሳድጋል» ትል ነበር። ባለፈው ዓመት የብርዱ ወራት ሲገባ ገባኝ። ጠዋት ስንነሣ የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በኩል በረዶ ይዞ እናገኘዋለን። ከልጄ አልጋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ሻግቶ ጠቆረ። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ሳለች፤ ስትስል ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ «መድኃኒቱን እጽፍላችኋለሁ፤ የታመመው ግን ቤታችሁ ነው» አለችኝ። ያኔ ለአንተ የጻፍኩልህ «ትንሽ ጉንፋን ነክቷት ነበር» ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።

ዘንድሮ እንደዚያ እንዳይሆን ብዬ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ተነሣሁ። እዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ስልክ ደውሎ መስኮቱን በሙሉ ያስቀይራል። እኛ ያለን እጃችን ነው። ስለዚህ አንተ አዲስ የገጠምከውን በር ስትፈትሽ እንደምታደርገው የእጄን ጀርባ አርጥቤ በየመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አስኬድኩት። የት የት እንደሚነፍስ ልክ አፍ ኖሮት እንደሚናገር ነገረኝ። በየስንጥቁ የጨርቅ ቅዳጅ እየጠቀጠቅሁ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። መስታወቱን በወፍራም ላስቲክ ሸፈንኩት፤ ብርሃን ያስገባል፣ ንፋሱን ግን ይመልሳል። ትልቁን ክፍል ዘጋሁትና ሦስታችንም ትንሿ ክፍል ውስጥ ገባን። አልጋችንን ከውጭው ግድግዳ አርቄ ወደ መሐል አመጣሁት።

የምሠራበትን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ታውቀዋለህ፤ ጽፌልሃለሁ። እዚያ አርጅተው ሊጣሉ የወጡ ብርድ ልብሶች ነበሩ። አለቃዬ ኮስታራ ሴት ናት፤ ብትቆጣኝስ ብዬ እየፈራሁ ጠየቅኋት። «ስንት መስኮት አለሽ?» አለችና በወረቀት ፈርማ ዘጠኝ ብርድ ልብስ አሸከመችኝ። ሁለት ሁለቱን ደርቤ እየሰፋሁ መጋረጃ አደረግኋቸው። ከተረፈው ቁራጭ ረጅም ጥቅልል ሰፍቼ በበሩ ሥር ጋደም አደረግሁት። ባሌ ከሥራ ሲመለስ በሩን ቢገፋ ጥቅልሉ ይዞ አላስገባው አለ። «እኔንም ከብርዱ ቆጠርሽኝ እንዴ?» ብሎ ከደጅ ሲጮኽ ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳል የሌለበት ሳቅ ነበር አባዬ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የቀረው የጣሪያው አሸንዳ ነበር። ቅጠል ሞልቶት ዝናቡ ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ሻጋታውን ያመጣውም እሱ ነው። እሑድ ቀን ባሌ መሰላል ተውሶ ወጣ። እኔ ከሥር ይዤ ነበር። ቅጠሉን የምንከትበት ባልዲ አጠረንና «ጠብቀኝ፣ አትነቃነቅ» ብዬው ወደ ውስጥ ገባሁ። ባልዲውን አንሥቼ ሳልዞር ዱብ ሲል ሰማሁ። ስወጣ መሬት ላይ በጎኑ ወድቆ እጁን ከሥሩ አጥፎ አየሁት። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ታያለች።

ስለ ታችኛዋ ሴትዮ እዚህ ላይ ልንገርህ። ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነው፤ አንድም ቀን «እንደምን አደሩ» ተባብለን አናውቅም ነበር። ልጄ በሮጠች ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድባሉ፤ እኛም እቤታችን ውስጥ እንደ ድመት እንራመዳለን። ልጄ «የመጥረጊያዋ እማማ» የሚል ስም አውጥታላቸዋለች። እኚህ ሴትዮ በሸበጥ ጫማቸው እየሮጡ ወጡ። ላነሣው ስጎነበስ «እንዳትነኪው!» ብለው ጮኹብኝ። ተመልሰው ገብተው የሾርባ ጭልፋ ይዘው መጡ። ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈቱና እጁን ከጭልፋው ጋር አጥብቀው አሰሩት። ኋላ ሐኪሙ አይቶ አስተሳሰሩን አደነቀ። ባሌ እያቃሰተ «እርስዎ ሐኪም ነበሩ እንዴ?» ቢላቸው «ዛፍ ላይ የሚውሉ ሦስት ወንዶች አሳድጌያለሁ» አሉት።

እጁ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የአውቶቡስ ሾፌር ለሦስት ወር መሪ አትጨብጥ ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። እጅ ሲያርፍ ቤት ምን እንደሚመስል ከአንተ በላይ ማን ይነግረኛል?

በማግሥቱ ጭልፋውን አጥቤ፣ ሻሹን ተኩሼ ልመልስ ወረድኩ። ሴትዮዋ በእኩለ ቀን ካፖርታቸውን ለብሰው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ሲተነፍሱ ከአፋቸው ጭስ ይወጣል። ክፍሉ መሐል ትልቅ የብረት ምድጃ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። «ለምን አያነዱም?» አልኳቸው። «ገና ነው ልጄ። አሁን ከጀመርኩ ዋናው ብርድ ሲመጣ ባዶ እጄን እቀራለሁ» አሉ። የእኔንም ማገዶ አሰብኩ፤ የሁለታችንም ብቻ ብቻውን የትም አያደርስም።

ነገሩን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «እናንተ ላይ ስታነዱ የምታሞቁት ሰማዩን ነው። ሙቀት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ማገዶአችሁን አውርዱና እዚህ አብረን እናንድደው፤ ቀን ቀን እዚህ ትውላላችሁ፣ ስትተኙ ደግሞ ወለላችሁ ሞቆ ይጠብቃችኋል» አሉ። እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ቀስረው «ልጅቷ ግን የምትሮጠው በካልሲ ነው!» አሉኝ።

እንደዚያው ሆነ። የሳቸውን መስኮቶችም እንደኛዎቹ አበጀኋቸው፤ እሳቸው ምስማር እያቀበሉ፣ እኔ እየመታሁ። ሲጣመምብኝ «አባትሽ አናጢ ነው ያልሽው ውሸትሽን ነው» ይሉኛል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትገባው እሳቸው ዘንድ ነው። ባሌ በደህና እጁ ድንች ይልጣል፤ ልጣጩ ከድንቹ ይወፍራል ብለው ይሰድቡታል። ብርዱ ገብቷል፤ ልጄ ግን እስካሁን አልሳለችም። ግድግዳው ደርቋል።

አባዬ፣ አሁን እጄን ወደ ያዘው ነገር ደረስኩ።

የሴትዮዋ እግር ቶሎ አይሞቅም። ምድጃው እየነደደ እንኳ ጣታቸው ይደነዝዛል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ጣታቸውን ሲያሻሹ አገኘኋቸውና ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርቤ እግራቸውን ነከርኩላቸው። ተረከዛቸው እንዳንተ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አሸት አሸት ሳደርግ እጄ በዚያ ስንጥቅ ላይ ሲሄድ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። የሰው እናት እግር እያሞቅሁ ያንተን እግር ማን እንደሚያሞቀው አሰብኩ። «ውሃው ፈጀሽ ወይ?» ብለው ደነገጡ። «አባቴ…» አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ከዚያ «ጻፊለት» አሉኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ዘንድሮ አልመጣም አባዬ። ወደ አንተ ልመጣበት ያስቀመጥነው ሁሉ ለቤት ኪራይና ለማገዶ ሆኗል። የዐይንህን ሞራ በሚያነሡልህ ቀን አጠገብህ እሆናለሁ ብዬህ ነበር። «ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ነው» ስትለኝ ስልኩ ላይ ምን ያህል እንደሳቅህ አሁንም ይሰማኛል። ያን ቃሌን በላሁት። እያበሰልኩ፣ ልብስ እያጣጠፍኩ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣ ያንን የሐኪም ቤት ክፍል ሳላየው አየዋለሁ፤ አንተ አልጋው ላይ፣ እኔ ደጁ ላይ። በየቀኑ እደርሳለሁ፤ በየቀኑ ሳልደርስ አውቶቡሱ ከሥራዬ በር ላይ ያወርደኛል።

አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። አውቅሃለሁ፤ «እሷ እስክትመጣ ይቆይ» ትላለህ። እንዳትል! የቀጠሮህ ቀን የፊታችን ወር ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳልፈው። እኔን ስትጠብቅ ሌላ ዓመት በጨለማ ብትቀመጥ ያን እዳ የምሸከምበት ጀርባ የለኝም። ወንድሜ ይውሰድህ፤ አትጣላው፣ መንገድ ላይም «በእግሬ እሄዳለሁ» ብለህ አታስቸግረው።

ወንድሜን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ የብየዳ መነጽሩን ሳያደርግ እንዳይሠራ፣ በቤቱ አንድ የዐይን ሕመምተኛ ይበቃል። ሚስቱ የላከችው ሹራብ ለልጄ ልክ ሆኗል፤ አውልቂ ብላት አታወልቅም፣ እግዜር ይስጣት። ጫማ ሰፊው ጓደኛህ ዛሬም በዳማ እያጭበረበረ ያሸንፍሃል ወይ? ዐይንህ ሲበራ ወዮለት በልልኝ። ባሌ በተሰበረው እጁ ስለማይጽፍ በደህናው እጁ ወረቀቱን እየያዘልኝ ነው፤ ጉልበትህን ይስማል። ልጄ «አያቴ ሲያየኝ ረጅም ነኝ ብለሽ ጻፊ» ብላለች። የታችኛዋ እናታችን ደግሞ «አሳደግህ፣ መዶሻ ግን አላስተማርክም» ብለው ሰላም ብለውሃል።

እህቴ፣ አንቺን የመጨረሻ ያደረግሁሽ ረስቼሽ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔን ቃል ስታነቢለት ከራስሽ አንድ ቃል ጨምረሽ አታውቂም። መድኃኒቱን የምትሰጪው፣ እጁን ይዘሽ የምትመሪው፣ ሳሉን ተኝተሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ድምፅሽን ሳታቋርጪ ይህን ደግሞ አንብቢለት።

አባዬ፣ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምታያት እሷ ትሁን። ፊቷን ደህና አድርገህ እየው፤ ምን ምን እንደተለወጠም በገዛ እጅህ ጻፍልኝ።

የምትናፍቅህ ልጅህ
ከላይኛው ቤት፣ ጥቅምት 23 ቀን