በጃንጥላ ሥር ስለበቀለው ሣራችን

ለላርክ ኮርት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ስካይዌይ፣ ሲያትል

ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእናንተ አቆጣጠር ኦገስት 29 ቀን 2025)

ጉዳዩ፦ ግቢዬ ላይ እንዲፈስ የታዘዘው ጠጠር እስከ ጥቅምት 28 ቀን እንዲዘገይልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

አመልካች ሙሉወርቅ አክሊሉ የቤት ቁጥር 14 ነዋሪ ነኝ። የላካችሁልኝ ማስጠንቀቂያ ግርጌ ላይ «በሚመችዎት ቋንቋ መልስ መስጠት ይችላሉ» ስለሚል በአማርኛ ጽፌአለሁ። በእንግሊዝኛ ሥራ እሠራለሁ፣ ሐኪምም አነጋግራለሁ፤ መለማመጥ ግን ገና አልቻልኩበትም።

1. ማስጠንቀቂያው የፊት ለፊት ግቢዬ ሣር «ችላ የተባለ» መሆኑን፣ «ያልተፈቀዱ ጃንጥላዎች» የተተከሉበት መሆኑን ገልጾ፣ እስከ መስከረም 5 ቀን ካልለመለመ የማኅበሩ ሠራተኞች ቆፍረው ጠጠር እንደሚያፈሱበት ያስታውቃል። ግቢው ቡናማ መሆኑን አልክድም። ችላ ተብሏል የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በዚህ መንደር የዚህን ያህል የተጠበቀ፣ የተመከረበትና የተለመነ ሣር የለም።

2. አባቴ አቶ አክሊሉ ወልደየስ በግንቦት ወር ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት በግብርና ባለሙያነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ሲያትል ዝናብ ብቻ ነው» እያልን በስልክ ስናስፈራራቸው ስለኖርን አራት ጃንጥላ ይዘው ነው የመጡት፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለልጄ ለኤዶም፣ አንድ ለራሳቸው፣ አንድ ድንገት እንግዳ ቢመጣ ብለው።

3. በሰኔ መጨረሻ ነባሩን ሣር መርምረው ግማሹ አረም ግማሹ ሻጋታ ነው አሉና በዶማ ሙልጭ አድርገው አነሡት። ሐምሌ 5 ቀን፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ አዲስ ዘር ዘሩ። ስሌታቸው አጭር ነበር፦ ወሩ ሐምሌ ነው፣ ከተማው ሲያትል ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ዋስትና አለ?

4. እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አምናለሁ። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር ሐምሌና ነሐሴ ጠብታ እንደማይታይባቸው አውቃለሁ። ግን አባቴን ስለ ዘር ወቅት ለማረም አፌ አልደፈረም። «አባዬ፣ ላጠጣው እንዴ?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው። «በሐምሌ ሣር ስታጠጪ ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?» ብለው ቧንቧውን ዘጉት። ሰማይ እያዩ «ዛሬ ማታ ይጥላል» ሲሉ ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ኤዶም «ግራንድፓ፣ ኢትስ ዴድ» (አያቴ፣ ሞቷል) አለቻቸው። ተርጉሚልኝ ሲሉኝ «ትንሽ ጠምቶታል ነው የምትለው» አልኳቸው።

5. ከዚያ ዕለት ጀምሮ ማጠጣት ጀመሩ፤ ፀሐዩ ግን ቡቃያውን ፈጀው። በዚህ ጊዜ፣ ችግኝ ጣቢያ ላይ ዳስ እንደሚሠራው፣ አራቱን ጃንጥላ ዘርግተው ግቢው ላይ ተከሉ። ጎረቤታችን ወ/ሮ ሀዋ አይተው አበባ ያለበትን አምስተኛ ጨመሩልን። አባቴ ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው በጆግ ያጠጣሉ፣ ቁራ ያባርራሉ፣ ጃንጥላዎቹን በፀሐዩ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። መጥታችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል፤ በአምስቱ ጃንጥላ ሥር አምስት ክብ ክብ አረንጓዴ ሣር በቅሏል። የቀረው አፈር ነው።

6. ስሞታ አይሁንብኝና፣ ማኅበሩ «የወሩ ምርጥ ሣር» የሚል ሰሌዳ የተከለለትን የአቶ ሮቢን ግቢ አባቴ ከባለቤቱ አስፈቅደው ሊማሩበት ሄደው ነበር። ጎንበስ ብለው ሣሩን ዳሰሱት፤ መዳፋቸው አረንጓዴ ሆኖ ተመለሱ። የተቀባ ነው። እጃቸውን እየታጠቡ «ይህም ሙያ ነው» አሉ።

7. ማስጠንቀቂያችሁ ሲደርስ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ኤዶም በተሰባበረ አማርኛዋም ቢሆን «ችላ የተባለ» የሚለውን ጭምር አንድም ሳታስቀር ተረጎመችላቸው። ስመለስ ሻንጣቸውን አልጋ ላይ ከፍተው አገኘኋቸው። «ቤትሽን አበላሸሁብሽ። ትኬቴን ወደ መስከረም ሳቢልኝ፣ ጠጠሩን ሳላይ ልሂድ» አሉኝ። ስንት ወረዳ ገበሬ ሲመክሩ የኖሩ ሰው በልጃቸው ደጅ አንድ መደብ ሣር እምቢ ስላላቸው አፈሩ። ትኬታቸው ለጥቅምት 28 ቀን የተቆረጠ ነው። ዘጠኝ ዓመት በስልክ ብቻ ሳወራቸው ኖሬ አሁን ቁርስ ላይ አገኛቸዋለሁ፣ ሥራ ስሄድ «ደርበሽ ልበሺ» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ሣሩ ለእኔ ምኔም አይደለም። አባቴ አፍረው ከቤቴ እንዲወጡ ግን አልፈልግም።

ስለዚህ የመስከረም ማለቂያ ላይ ዝናቡ መምጣቱ ስለማይቀር ትእዛዙ እስከ ጥቅምት 28 ቀን እንዲታገድልኝ፣ አምስቱ ጃንጥላዎችም እስከዚያው እንዲፈቀዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። «ችላ የተባለ» የሚለው ቃል ከፋይሌ ተሰርዞ «በመሞከር ላይ ያለ» ቢባልልኝ ደግሞ ለአባቴ ራሴ አነብላቸዋለሁ።

ኮሚቴው ጠጠሩ ግድ ነው የሚል ከሆነ አልከራከርም። ብቻ አባቴን ኤርፖርት ሸኝቼ እስክመለስ ጠብቁኝ። ሠራተኞቻችሁ ከሰዓት በኋላ ይምጡ፤ እኔም አካፋ ይዤ አግዛቸዋለሁ። አባቴ «ሣሩስ?» ብለው ሲደውሉ ግን «አድጎ እስከ ጉልበት ደርሷል» ነው የምላቸው።

ቀና መልሳችሁን በጉጉት እየጠበቅሁ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሙሉወርቅ አክሊሉ
የቤት ቁጥር 14