ጠመንጃዬ ላይ ስለተገጠመው የሠላሳ ጫማ መወጣጫ

ለተከበሩ አቶ ሎወል ስታምፐር
የስቶቨር አውራጃ ምክር ቤት ሰብሳቢና የስታምፐር የአደን ዕቃ መደብር ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ጉልበትዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። እግር ያጣ ሰው በዚህ አውራጃ ከገዛ ቤቱ ለመውጣት ምን እንደሚገጥመው እኅቴ ኦፓል ካሳየችኝ ወዲህ፣ የእርስዎ ሁለት ጉልበቶች በየቦታቸው መኖራቸውን ሳላረጋግጥ ወደ ጉዳዬ መግባት ስለከበደኝ ነው። ባለቤትዎም ደኅና እንደሆኑ አምናለሁ፤ እሑድ ዕለት በቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ሳይደገፉ ሲወጡ አይቼ ደስ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ በሳምንታዊው ጋዜጣችን ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል ሦስት ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ ልኬ መልስ አላገኘሁም። ምናልባት ፖስታውን የደብዳቤው ተቀጥላ ነው ብለው ሳይከፍቱት ቀርተው ይሆናል። ጋዜጣ ግን ፖስታ የለውም።

አንደኛ፤ ምስጋና ላቅርብ። ባለፈው ኅዳር፣ የአጋዘን አደን ወቅት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በእሳት አደጋ መከላከያው አዳራሽ የባቄላና የበቆሎ ዳቦ እራት አብልተውን ሲያበቁ ስለ ጠመንጃ ተቀጥላዎች ያደረጉትን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እንደሚያስታውሱት፣ አንድ ሩቅ ከተማ ያለ ዳኛ ትልልቅ የጥይት ካዝናና የድምፅ ማፈኛ ተቀጥላ እንጂ መሣሪያ ስላልሆኑ ሕገ መንግሥቱ አይጠብቃቸውም ብሎ ፈርዶ ነበርና፣ ሰዉ ሁሉ ተቆጥቶ ነው የመጣው። እርስዎም ወንበር ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ካዝና የሌለው ጠመንጃ ምንድን ነው? ዱላ ነው። መብት ማለት የሚሠራበት ነገር ከተነጠቀ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ነው።» እኔም አጨበጨብኩ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያደንኩ ሰው ነኝና ጫካችንን አይቶት የማያውቅ ዳኛ ስለ ጠመንጃዬ ሲመክረኝ ደስ አይለኝም።

በዚያው ምሽት ምክር ቤቱ በአንድ ድምፅ ካጸደቀው ውሳኔ ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ የበለጠ ደስ አሰኘኝ። እንዲህ ይላል፦ በጠመንጃ ላይ የተገጠመ ተቀጥላ ሁሉ፣ ዓይነቱና መጠኑ፣ የተሠራበትም ነገር ምንም ይሁን ምን፣ የጠመንጃው አካል ነው፤ ማንም የአውራጃው ሠራተኛ ሊለካው፣ ሊያሳጥረው ወይም ሊያነሳው አይችልም፤ ይህን ያደረገ በዕለቱ ከሥራ ይሰናበታል። ቃል አማርጠው የጻፉት ነው፤ በተለይ «መጠኑ» የምትለዋን ቃል ስለጨመሩ እግዚአብሔር ይስጥዎ።

ቤቴ ገብቼ ሕገ መንግሥቱን አወጣሁና ሁለተኛውን ማሻሻያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መሣሪያ ስለ መያዝና ስለ መታጠቅ ይናገራል፤ ስለ ድምፅ ማፈኛ ቱቦም ሆነ ስለ ማነጣጠሪያ ባትሪ ወይም መደብርዎ ሦስተኛ መደርደሪያ ላይ ስላለው ጠመንጃ ላይ ስለሚታሰር የቢራ ቆርቆሮ መያዣ የሚለው ነገር የለም። ያም ሆኖ ያነበብኩት መነጽሬን አድርጌ ነው። አንድ ሰው መጥቶ መነጽሬን ቢወስድና «መጽሐፍህን መች ነካንብህ?» ቢለኝ የማንበብ መብቴ ደኅና ነው ብዬ አላመሰግነውም። ስለዚህ ከእርስዎ ጋር ተስማማሁ። ግን አንድ መመዘኛ ወደ አእምሮዬ መጣ፦ ዕቃውን አንሳው፣ ከዚያ ሰውየው ሥራውን መሥራት ይችል እንደሆነ ተመልከት። ሠላሳ ጥይት የሚይዘውን ካዝና ቢነሡኝ አንድ በአንድ እያጎረስኩ እተኩሳለሁ። የድምፅ ማፈኛውን ቢከለክሉኝ ጆሮዬ ይጮኻል፤ ድሮም ሲጮኽ የኖረ ነው። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ቢነቅሉብኝ እስታለሁ፤ ተገጥሞም እስታለሁ። ከመደብርዎ ዕቃ አንዳንዱ እንደ ዓይን መነጽሬ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ጉትቻ ነው፤ በጉትቻው ላይ ደግሞ አባቶች «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ብለው ጨርሰዋል።

ሁለተኛ፤ ቅሬታዬን ላሰማ። ኦፓል በስኳር በሽታ ምክንያት ግራ እግሯን ከጉልበቷ በላይ ካጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት አላት። የቤቷ በረንዳ ከመሬት ሠላሳ ኢንች ከፍ ይላል። ባለፈው መስከረም እኔና አራት የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ዝናብ በማያበሰብሰው ጣውላ ለተሽከርካሪ ወንበሯ መወጣጫ ሠራንላት። ደንቡ ለእያንዳንዱ ኢንች ከፍታ አንድ ጫማ ርዝመት ስለሚል፣ እኔም ደንብ አክባሪ ስለሆንኩ፣ ልክ ሠላሳ ጫማ አደረግሁት። የሠላሳኛው ጫማ ጫፍ የአውራጃው መንገድ ዳር ላይ አሥራ ስምንት ኢንች ገባ። መንገዱ፣ አንባቢ እንዲያውቀው፣ ወደ ክቡርነትዎ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ የሚወስደው መንገድ ነው፤ በጥር ሊሰፋ ታስቦ ነበር።

በጥር ወር የሕንፃ ተቆጣጣሪው ግሬይደን ሙሊንስ ቀይ ወረቀት በርዋ ላይ ለጠፈ። ግሬይደን ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲለጥፍ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። እኔም ቢሮዎ መጥቼ፣ ያለ መወጣጫው ኦፓል ከቤት መውጣት እንደማትችል፣ ሕክምናዋም ቀን የማይሰጥ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ፤ አሥራ ስምንቷን ኢንች የሚፈቅድ አንድ መስመር ብቻ እንዲጽፉልኝ ለመንኩ። እርስዎም ወንበርዎን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው መለሱልኝ፦

«ኤርሚል፣ አትቆጣ እንጂ። ቤቷን ነካንባት? ቤቷ ያው በቦታው አለ። መወጣጫው እኮ ተቀጥላ ነው።»

ከዚያም የመደብርዎን የግድግዳ ካላንደር ሰጥተው ሸኙኝ። ስለ ካላንደሩ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ቀን በቀን የመዘገብኩት በእርሱ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ በየካቲት ወር፣ ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኦፓል ለእጥበት በሄደችበት፣ የአውራጃው ሠራተኞች መጡና ከመወጣጫው ታችኛውን አሥራ አንድ ጫማ በመጋዝ ቆርጠው በመኪና ወሰዱት። አሥራ ስምንት ኢንች ለማስወገድ አሥራ አንድ ጫማ መቁረጣችሁ ለጋስነታችሁን ያሳያል። የሕክምናው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመልሳት ከመወጣጫው የቀረው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በበረዶ ቀን መኪናው ውስጥ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ተቀመጠች። በጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አደጋ ሰዎች ከሥራቸው ወጥተው ደረሱና አራት ሆነው ከነወንበሯ ተሸክመው አስገቧት። አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀችና፣ «ኤርሚል፣ ሶፋ ሆንኩ እኮ። አንዱ ያዝ ይላል፣ አንዱ አዙር ይላል፣ አንዱ የበሩን ቀለም ተጠንቀቅ ይላል» አለችኝ። እኔም ሳቅሁላት።

ሐሙስ ግን አልሄድም አለች። ደግሞ እንደ ዕቃ አልጫንም ብላ በሩን ቆለፈች። ቅዳሜ ሳንባዋ ውኃ ሞልቶ በአምቡላንስ ተወሰደች፤ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። በሁለተኛው ሌሊት ሐኪሙ ቤተ ዘመድ ይጠራ ብሎ ነበር። ይህንን ማስጌጥ አልችልም፤ ቀልድም አላገኘሁለትም። ካላንደርዎ ላይ ዘጠኙን ቀን አክብቤያለሁ።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ዳግመኛ ባለውለታዎ ነኝ፣ ምክንያቱም ከሆስፒታሉ ወንበር ላይ ሆኜ የኅዳሩን ውሳኔዎን ደጋግሜ ሳነብ ነው መፍትሔውን ያገኘሁት። ኦፓል ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት መወጣጫውን እንደገና ሠላሳ ጫማ አድርጌ ሠራሁት። ከዚያ አባቴ ለሽኮኮ አደን የገዛትን ትንሽ ጠመንጃ አምጥቼ፣ ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ የጥይቱን ቂጥ የምትመታውን መርፌ አውጥቼ ወጥ ቤቴ የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩ በኋላ፣ በአራት ብሎን ከእጅ መደገፊያው ጋር አሰርኳት። ጠመንጃን የሚያቆም ሁለት እግር ያለው መደገፊያ መደብርዎ ውስጥ እንደሚሸጡ አውቃለሁ። የእኔ ሠላሳ ጫማ ይረዝማል፤ ልዩነታችን ያ ብቻ ነው። የውሳኔዎንም ቅጂ በላስቲክ ሸፍኜ አጠገቧ ለጠፍኩ።

ግሬይደን መጋዙን ይዞ መጣ። ወረቀቱን አነበበ፣ ጠመንጃዋን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የአውራጃውን ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፍ ቶልበርትን ጠራ። ሸሪፉ መወጣጫውን እስከ ላይ ወጥቶ እስከ ታች ወረደና ጠመንጃዋ ትተኩስ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ መርፌዋ የት እንዳለች ነገርኩት። መለያ ቁጥሯ የተጻፈበት አካል እስካለ ድረስ በሕግ ጠመንጃ ናት አለ። ጠመንጃዋ ናት መወጣጫው ላይ የታሰረችው ወይስ መወጣጫው ነው ጠመንጃዋ ላይ የታሰረው ብሎ ሲጠይቀኝም፣ ብሎኖቹን እንዲጠይቃቸው መከርኩት። ያን ጊዜ ግሬይደን ሜትሩን ከኪሱ ግማሽ ድረስ አውጥቶ፣

«አጎቴ ኤርሚል፣ ይቺን ብዘረጋት እባረራለሁ ማለት ነው?» አለኝ።

ሸሪፉ ቀደመኝ፤ «እኔ ብሆን ኪሴ ውስጥ እተዋታለሁ» አለው።

ኦፓል በማግሥቱ ከሆስፒታል ስትመለስ በገዛ እጆቿ ወንበሯን እየገፋች ገባች። ይኸው ሰባት ሳምንት፣ አንድም ሕክምና አላመለጣትም።

አሁን እንደሰማሁት፣ ለሚመጣው ሐሙስ ስብሰባ ማሻሻያ አዘጋጅተዋል። ተቀጥላ ማለት ከአራት ጫማ የማይረዝምና በፋብሪካ የተሠራ ብቻ ነው የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደስ አለዎት! በአውራጃችን ታሪክ የጠመንጃ ተቀጥላን በመጠን የሚገድብ የመጀመሪያው ባለሥልጣን ሊሆኑ ነው፤ ያ ሩቅ ከተማ ያለው ዳኛ ቢሰማ አበባ ይልክልዎታል። ማሻሻያውን አባዝቼ ለአዳኞች ማኅበር ሥልሳ ሦስት አባላት በየቤታቸው አድርሻለሁ። ሰደፋቸውን ከዋልነት እንጨት በገዛ ጎተራቸው የሚጠርቡት፣ ማንገቻቸውን ከአጋዘን ቆዳ የሚሰፉት ሁሉ «በፋብሪካ የተሠራ» የምትለዋን ቃል ጮክ ብለው እያነበቡ ነው። ሐሙስ ይመጣሉ። በግንቦትም ለምርጫው ይመጣሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እመቤት ሱቅ ነበራት አልተባለም እንጂ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

እንግዲህ ይምረጡ። ተቀጥላ የመብቱ አካል ከሆነ መወጣጫው ይቆማል። ካልሆነ ደግሞ ለሥልሳ ሦስቱ ሰዎች ዓይናቸውን እያዩ ይንገሯቸው። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ በጥር የለመንኩዎትን አንዷን መስመር ይጻፉ፤ አራቱን ብሎኖች እኔው በእጄ እፈታለሁ። ኦፓል ይህንን እንዲመርጡ ትጸልያለች። እርሷ ይቅር ብላዎታለች። እኔ ግን በእውነት ከተናገርኩ፣ እንዳይመርጡት እመኛለሁ፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር የማይቀር መሆኑን ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁና።

ለቤተ ሰብዎ ዕድሜን፣ ለመደብርዎ ገበያን፣ ለሁለቱም ጉልበቶችዎ ረጅም አገልግሎትን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣ ምንጊዜም የማልረሳዎት፣

ኤርሚል ካዲል
የዓለም ረጅሙ የጠመንጃ መደገፊያ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ከሰባት ሳምንት ወዲህ አሥራ አንድ ቤተ ሰብ አሮጌ ጠመንጃ እንዳበድራቸው ጠይቀውኛል። አንዱ የዶሮ ቤቱ ላይ፣ አንዷ ያለ ፈቃድ የሠራችው በረንዳ ላይ፣ ሌላው እርስዎ ከወንዝ ዳር እንዲያነሣ ባዘዙት ተጎታች ቤት ላይ ሊገጥሙት ነው። ሁሉንም እስከ ሐሙስ ታገሡ ብያቸዋለሁ። ግሬይደን ደግሞ ያን ዕለት የአውራጃውን መጋዝ በረንዳው ላይ ትቶት ሄዷል፤ ተመልሼ አልይዘውም ብሏል። ዘይት ቀብቼ፣ ጥርሱን ሞርጄ አስቀምጬልዎታለሁ። መወጣጫው ይቆረጥ ካሉ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ባለፈው የቆረጣችሁት ኦፓል በሌለችበት ነበር፤ ስለዚህ እባክዎን ረቡዕ ያድርጉት። ረቡዕ ቤት ናት። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታይዎታለች።