ጋቢ የለበሰው አኳሪየም

ሰኞ

ዛሬ አባባ ተናገሩ! ያውም ማንም ሳይጠይቃቸው። ያሉትም «ይሄ ሣር ውሸት ነው» ነው።

ትዕግሥት ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀባት። አብራኝ ፀጉር የምትሠራ ልጅ ናት፤ ምላሷ በምንም የማይያዝ፣ ዛሬ ግን ተያዘ።

አባባ የባለቤቴ የቶሎሳ አባት ናቸው፤ ኦቦ ጉተማ። እማማ አበበች አርፈው አርባቸው እንደወጣ ቶሎሳ ከጫንጮ አምጥቶ እዚህ ቡራዩ አስቀመጣቸውና የጭነት መኪናውን አስነስቶ ወደ ጅማ መንገዱ ሄደ። ጠዋት በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ለማለት «አካም ቡልተን» ስላቸው «ነጋ» ይሉኛል፤ ሰላም ማለታቸው ነው። በቃ፣ የቀኑ ወሬ ይኸው ነው። ማዕድ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ይቀምሱና «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ሳህኑን ወደኔ ይገፉታል።

ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን መዋል ስላስፈራቸው መሰለኝ፣ ከፊት በኩል ካለው ፀጉር ቤቴ መጥተው መቀመጥ ጀመሩ። እስቲ አስቡት፣ ሽማግሌ በሴቶች ፀጉር ቤት! ነውር እንዳይሆንባቸው ጀርባቸውን ለደንበኞቼ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ አኳሪየሙ ያዞራሉ። ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች እንዳይሰለቹ ብዬ የገዛሁት ነው። ዓሣ እያዩ መሆናቸውን ማን ገምቶ! ግድግዳ የሚያዩ ነበር የመሰለን።

ፕላስቲኩን ሣር እያሳዩ ነው «ውሸት ነው» ያሉት። እውነታቸውን ነው፣ ሐምራዊ ቀለም ያለው ሣር የት አገር አለ? እኔም አፌ አያርፍም፣ «እውነተኛ እንትከልበት?» አልኳቸው።

«ውሃ ውስጥ?»

«ውሃ ውስጥ።»

ትንሽ አሰቡና «ኤዬ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው።

ደስታዬን ልደብቀው? አልደብቀውም። ግን ፍርሃቱም አለ። እሑድ ቶሎሳ ሲመጣ «ወደ ቤቴ ይመልሰኝ» ብለዋል፤ ማንም ወደሌለበት ቤት፣ በዚህ በታኅሣሥ ውርጭ። በዚህ አበላላቸው ብቻቸውን ከገቡ ገናን አያዩም ብዬ እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ለቶሎሳ እንኳ በስልክ እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

ሰበታ ሄደን መጣን። ፀጉር ቤቱን ለትዕግሥት ጥዬላት በአየር ጤና በኩል። ታክሲው ውስጥ ዝም ነው። ዓለም ገና ስንደርስ ከመንገዱ ዳር የጤፍ ክምር አዩና «አልተወቃም» አሉ። ሳይጠየቁ ሲናገሩ ሁለተኛቸው መሆኑ ነው!

ሰይድ ሰበታ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ ከሱቁ ጀርባ ግን ዓሣ ያረባል፣ ተክሉንም ያበቅላል። ዓሣዎቼን የገዛሁት ከሱ ነው። ለአባባ ወንበር አቅርቦ፣ ሻይ አስመጥቶ፣ እንደ ትልቅ ገዢ አስተናገዳቸው። ጀማሪ የማይገድላቸውን ጠንካሮቹን መረጠልን። አንዱ ቅጠሉ ወፍራምና ጠቆር ያለ፣ ሌላው እንደ ሣር የረዘመ።

«ወፍራሙን አትቅበሩት» አለ ሰይድ፣ «ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ እሰሩት፣ ሥሩ ራሱ ይይዘዋል። ሣሩን ብቻ ጠጠር ውስጥ ትከሉ። ልከኛ መብራት፣ ሙቅ ውሃ፤ ሌላ አያስቸግሩም።»

አባባ «ምን ይበላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«የዓሣዎቹ ኩስ ይበቃቸዋል፣ አባቴ።»

አባባ አናታቸውን ነቀነቁ። አሁን ሳስበው ያ መነቅነቅ የመስማማት አልነበረም።

ስንወጣ ሰይድ አንድ ተክል ጨመረላቸው። «ይሄ ምራቂ ነው፣ ለርስዎ።» የተክሎቹን ላስቲክ እስከ ቡራዩ በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዘው መጡ። የታክሲው ረዳት ልቀበልዎት ቢላቸው እምቢ አሉ።

ረቡዕ

ተከልን! ወፍራሙን ድንጋይ ላይ ያሰርነው በፀጉር መስፊያ ክር ነው። ትዕግሥት ቋጠሮዋን አሳምራ «ለድንጋይም ሂውማን ሄር ሰፋሁ» አለች። አባባ ሣሩን በጣታቸው አንድ በአንድ ተከሉ። ጋቢያቸው ውሃ እንዳይነካው ትከሻቸው ላይ እየሰበሰቡት ነበር። ያንን ጋቢ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አውልቀውት አያውቁም፣ ሲተኙም።

አንዷ ደንበኛ «ለጾሙ ነው የምታረቢያቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሴትየዋ የምሯን ነው! ጉፒ የሚሏት ትንሽ ዓሣ ለጥርስ እንኳ አትበቃም።

የዛሬው ትልቁ ነገር ግን ምሳ ነው። የሽምብራ ዓሣ ሠርቼ አቀረብኩ። እንዲያው ስላማረኝ እንጂ ምንም አላሰብኩም። አባባ ሳህኑ ላይ ያሉትን የሊጥ ዓሣዎች አዩ፣ ቀና ብለው አኳሪየሙን አዩ፣ ከዚያ «እነሱ እያዩን?» አሉ።

ትዕግሥት ሳቀች፣ እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ድምፅ አውጥተው! ሳህኑን ባዶ አደረጉት። ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።

ሐሙስ

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ጠዋት ፀጉር ቤቱን ስከፍት ጋጣ ጋጣ ሸተተኝ። የአኳሪየሙ ውሃ የቡላ አጥሚት መስሏል። ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባለ ቀይ ጭራዋና አንድ ሌላ ሞተው ተንሳፍፈዋል። እጄን ሰድጄ ጠጠሩን ብዳብስ የላም ፍግ! በየሣሩ ሥር ሥር እየተድቦለቦለ ተቀብሯል። ወፍራሙም ተክል ከድንጋዩ ተፈትቶ እስከ አንገቱ ጠጠር ውስጥ ገብቷል።

አባባ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ትዕግሥትና የጠዋቷ ደንበኛም እየገቡ ነው። ማታ ከጎረቤት በረት ለምነው ያመጡት ራሳቸው ናቸው። «ባዶ ጠጠር ላይ ምን ይበላሉ ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

እኔም ጮኽኩ። «አባባ! ምን ነካዎት? ገደሏቸው እኮ! ሰውየው ነግሮዎት የለ!»

እንዲህ ብዬ ጮኽኩባቸው። የባሌን አባት፣ ሐዘንተኛ ሽማግሌ፣ በደንበኛ ፊት። ትዕግሥት መሬት መሬት አየች። አባባ ወደ ጓዳ ገቡ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ ልብሳቸውን እያጠፉ ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ግን ቆሜ የማለቅስበት ጊዜ አልነበረም። ሰይድ ጋ ደወልኩ። «ፍጉን ልቀሚ፣ ግንዱን ከጠጠሩ አውጪ፣ ውሃውን ግማሹን ቀይሪ። ቀዝቃዛ እንዳትደፊ ብቻ! ለተክሎቹ አታስቢ፣ ጠንካሮች ናቸው። የምፈራው ለዓሣዎቹ ነው» አለኝ።

ውሃ ከሰሞኑ መጥቶልን በርሜሉ ሙሉ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። በጋዝ ምድጃ አሞቅን። የፀጉር ማጠቢያ ውሃ እንደምለካው በእጄ አንጓ እየለካሁ፣ በጆግ በጆግ ጨመርኩ። ጠራ አለ። ዓሣዎቹም ትንሽ ወረድ አሉ። እፎይ ልል ስል መብራት ጠፋ። ማሞቂያው ቆመ፣ አየር መስጫውም ቆመ። የቡራዩ ብርድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ መጥቷል።

ፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላን እናንሳፍፋለን፣ ሲቀዘቅዝ እንለውጣለን። አላዛለቀንም። መስታወቱን ስነካው እየቀዘቀዘ ነው።

ያኔ አባባ ከጓዳ ወጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወለቁ፣ አራት አጠፉት፣ መስታወቱን ዙሪያውን ጠቀለሉት። ላይኛው በኩል ለአየር ትንሽ ከፍተው ተዉለት። ጫፉ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ግድም አልሰጣቸው። በሸሚዝ ብቻ ሆነው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የቶሎሳን ጃኬት አምጥቼ ደረብኩላቸው። «ይቅርታ አባባ» አልኩ። «ተይው» አሉ።

ዓርብ

መብራት መጣ። ጋቢውን ስንገልጥ ዓሣዎቹ በሕይወት አሉ! ከትናንቶቹ ሁለቱ በስተቀር ሁሉም። ጭራቸውን እያወዛወዙ ምግብ ፍለጋ መጡ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። ሣሩ ግማሹ ቢጫ ሆኗል፤ ሰይድ «ቅጠሉን ይጥልና እንደገና ያበቅላል፣ ፍጉ ያበላሸውንም ውሃ ተክሎቹ ቀስ እያሉ ይጠርጉታል» ብሎኛል። ወፍራሙን መልሰን ድንጋዩ ላይ አሰርነው። ክሩን የያዙት አባባ ናቸው። ጋቢውን አጥቤ አሰጣሁት።

ከሰዓት አንዷ ደንበኛ «አባባ፣ ጋቢዎን የት ጣሉት ዛሬ?» አለቻቸው። ለጨዋታ ብላ ነው፣ ምን ታውቃለች።

አባባ ወንበራቸውን አዞሩት። ወደኛ! «አበበች ናት የፈተለችው» አሉ። ጀመሩ። ጥጡን ከሱሉልታ ገበያ አብረው ሲገዙ፣ ዓይኗ እየደከመ ክሩ ሲበጠስባት፣ ሲበጠስባት ስትቆጣ፣ እሳቸው እየሳቁ ሲቀጥሉላት። «ቁጡ ነበረች» አሉ። «ስትቆጣ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል።» ከዚያ እንባቸው ወረደ። በቀብሩም፣ በአርባውም ያልወረደ እንባ።

የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበረችው ሴት ሳትቀር ወጥታ አለቀሰች። «እግዜር ያጽናዎት አባባ» ይሏቸዋል በየተራ። ፀጉር ቤቴ ለቅሶ ቤት ሆነ። ማንም ደንበኛ ቸኩያለሁ አላለችም። እነዚህን ሴቶች ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ።

ቦርሳው ግን አሁንም በሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ቆሟል።

ቅዳሜ

ሰው በሰው። ሠርግ ያላት አለች፣ ማኅበር ያላት አለች። ምሳ የበላሁት ቆሜ ነው። አባባ በሉ፣ ደህና አድርገው። ዓሣዎቹን ቆጥበው መገቡ። ትዕግሥት «አባባ ፍጉ አለቀብዎት?» ብላ አሾፈች፤ በእጃቸው ሊመቷት ቃጡ።

ስለ ነገ አልጠየቅኋቸውም። ፈራሁ። የሚሄዱ ከሆነ ምክንያቱ እኔ ነኝ፣ የኔ ጩኸት ነው። ቶሎሳ ቢሰማ ምን ይለኛል? ለመንገዳቸው በሶ አዘጋጅቻለሁ። አዘጋጅቼም ተናደድኩ፣ ሂዱ ያልኩ ስለመሰለኝ።

እሑድ

ቶሎሳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደረሰ። አባቱን ስሞ ሳይቀመጥ ቦርሳውን አየው። «እንግዲህ ካሉ እንሂድ፣ ሳይመሽ» አለ። ፊቱ ጠቁሯል።

አባባ ከአኳሪየሙ ዓይናቸውን ሳያነሱ «ሚስትህ ጮኸችብኝ» አሉ።

ቶሎሳ ዞሮ አየኝ፤ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። «ምን አደረግሽ?» አለኝ።

«እሷን ተዋት» አሉ አባባ። «ዓሣዋን ስለገደልኩባት ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያናግረኝ። አባባ ይህን ይቅመሱ፣ አባባ ይረፉ። እንግዳ ነበርኩ። እንግዳ ላይ ማን ይጮኻል? ሐሙስ ዕለት ግን ይቺ ልጅ ጮኸችብኝ። እኔም ጓዳ ገብቼ ልብሴን እያጠፍኩ፣ ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው ብዬ አሰብኩ። የቤት ድምፅ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ቦርሳውን መልሺው።»

ልጄ ማለታቸው ነው። እስከ ዛሬ ሰናይት ብለው ነበር የሚጠሩኝ።

ቦርሳውን አንስቼ ጓዳ ሮጥኩ፣ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ። ልብሳቸውን አውጥቼ ሰቀልኩ። ቶሎሳ ተከትሎኝ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ «ምን ብለሽ ነው የጮኽሽባቸው ግን?» ይለኛል። አልነግረውም።

በሶውን ለራት በጥብጠን ጠጣነው። ሣሩ አሁንም ቢጫ ነው። ከመሃሉ አንድ ቀጭን አረንጓዴ ነገር ወጥቷል፤ አባባ ቅጠል ነው ይላሉ፣ ትዕግሥት ክር ነው ትላለች፣ እኔ ገና አልወሰንኩም። ጋቢው ወፍራም ስለሆነ ገና አልደረቀም፤ የታኅሣሥ ፀሐይ አጭር ናት። ነገ እንደገና አሰጣዋለሁ። እስከዚያ አባባ የቶሎሳን ጃኬት እንደለበሱ ተኝተዋል።