የሌለችው እግር ሕመም

ለውድ ወንድሜ ለአያ ላቀው፤

እንደምን ከርመሃል? እናታችን እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? ባለቤትህ ብርቄስ፣ ልጆቹስ ሸጋ ናቸው? በዚያ በመካነ ብርሃን ብርድ ከብቱ እንዴት ሆነ? ገብሱስ ተዘራ? እኔን ከጠየቅኸኝ አካሌ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን ሰው ተጸይፎ ሰንብቷል።

ታናሻችን ክንዱ ማኪና ተገልብጦበት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ወዲህ፣ ለሰው ሠራሽ እግር ልኬት እኔ ዘንድ ጎንደር መምጣቱን ታውቃለህ። ያላወቅኸው፣ የተቆረጠችው እግሩ እንደምታመው ነው። አዎ፣ የሌለችው። አንዳንድ ቀን ቁጭ ባለበት ላብ ያሰምጠዋል፤ ምነው ስለው አውራ ጣቴ ተጠመዘዘች ይለኛል። አንድ ጊዜማ፣ «እግሬን ቀበሯት እንጂ እሷ መች ሞተች» ሲለኝ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ይህን ባለቤቴ ሰውአገኝ ሰማ። ወር በወር ቀሐ ወንዝ አካባቢ ካለ አዳራሽ እየተሰበሰቡ የሚከራከሩ የተማሩ ጓደኞች እንዳሉት ነግሬህ ነበር። የዚህ ወር መከራከሪያቸው «በእርግጥ ያለ ነገር የቱ ነው?» የሚል ነበር። ክንዱ ቢመጣ እነዚያ ሁሉ አዋቂዎች መላ አያጡለትም አለን። ልጁም ተስፋ አድርጎ፣ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ፣ በክራንቹ እየተደገፈ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ።

ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ ሰው ሁሉ ባዶውን የሱሪ እግር ያያል። ምናለ የሚባል የሳይንስ መምህር ተነሣና፣ በመሣሪያ ያልታየ፣ ያልተለካ ነገር የለም፤ እግሩ ስለሌለ ሕመሙም የአንጎል ስሕተት እንጂ እውነት አይደለም አለ። ሐብተ ማርያም የሚባል ፍልስፍና አስተማሪ ደግሞ ሣቀና፣ የእኛስ እግር መኖሩን በምን አወቅህ፣ ሁሉም ሕልም ነው ሲል መለሰለት። አዳራሹ አጨበጨበ። አያ ላቀው፣ አንዱ ሕመሙን ውሸት አለው፣ ሌላው ዓለሙን በሙሉ፤ የቱ ጋ ነው የሚያምህ ብሎ የጠየቀው ግን አንድም አልነበረም።

በዚህ መካከል ያ ሕመም መጣበት። ጥርሱን ነክሶ የወንበሩን መደገፊያ ጨመደደ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ። ምናለ አየውና ፊቱ በደስታ በርቶ፣ «ተመልከቱ፣ አሁን እየሆነ ነው!» ብሎ ጮኸ። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም ነበር። ባሌም ከኋላ አንገቱን አስግጎ ያያል። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «የገበያ በግ መሰላችሁ?» ብዬ ወንድሜን ደግፌ ይዤው ወጣሁ። ክርክሩ ከኋላችን ቀጠለ፤ አንድ ሰው እንኳ በር አልከፈተልንም።

ሳይንስ ጠላች እንዳትለኝ። በማግስቱ ዶክተር ኤሌኒ የምትባል ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። በሁለቱ እግሮቹ መካከል ረጅም መስተዋት አቁማ፣ የደህናውን እግር ጣቶች እያንቀሳቀሰ፣ የተቆረጠችዋ መስላ የምትታየውን ምስል በመስተዋቱ ውስጥ እንዲያይ አደረገችው። ቆየት ብሎ፣ «ተፈታች» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። እንዴት ሆነ ብላት፣ «በቅጡ አናውቀውም እህቴ፤ ለሁሉም ሰው አይሠራም። ሕመሙ ግን እውነት ነው» አለችኝ። «አናውቅም» የምትለውን ቃል ያ ሁሉ የተማረ ሰው እንዴት አጣት? ሕመሙ ዛሬም ይመጣል፤ ግን መስተዋት ገዝተን ይለማመድበታል፣ ቀለል ብሎለታል።

ሰውአገኝ ግን አላፈረም። ትናንት እራት ላይ፣ ከሌላ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብትገኝልን፣ ለእውቀት እኮ ነው አለው። ክንዱ እጁን ከማዕዱ ሰብስቦ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ሕመሙ ከሌለ ምኔን ልታሳዩ ነው?» አለው። ባሌ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ግን ወጡን ወደ ክንዱ አስጠግቼ፣ ብላ ወንድሜ አልኩት።

እንግዲህ ለብርቄ፣ ለልጆቹ ለሙሉቀንና ለፀደይ፣ መርቀው ላሳደጉን ለጎረቤታችን ለአያ ገብረ ኪዳንም ሰላምታዬን አድርስልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ክንዱ እግሩ ተሠርቶለት ሲመለስ፣ አንዳንድ ቀን እግሬን አመመኝ ይላታል። የትኛውን ብላ አትጠይቀው በላት። አይዞህ ልጄ ትበለው።

እህትህ ሚስጥር
ጎንደር፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.