ሊሰናበት በመጣ ቁጥር ሥራ ስለሚሰጠው ምእመን

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ የተጠበቀ፣ ጉልበታችሁ በደረጃው ላይ የማይዝል፣ ድምፃችሁም የጠራ እንዲሆን እመኛለሁ። ለድምፃችሁ ጥራት እንኳ ከመመኘት አልፌ እሠራለሁ፤ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ፣ ሽቦ ታቅፎ የሚቀመጠው ሬዲዮ ጠጋኝ እኔ ነኝና። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ። በግል ስነግራችሁ የሚሆነውን ስላየሁት ነው።

ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በታመመ ጊዜ፣ በጉባኤው ሁሉ ፊት፣ "ይህ ልጅ አይሞትም፤ አለቀ፣ ተፈጸመ!" ብላችሁ ስላወጃችሁልን እናመሰግናለን። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሱም ከፊት ወንበር ላይ፣ ሰፍቶት በተንጠለጠለ ኮት ውስጥ፣ እጁን አነሳ። ብዙም ሳይቆይ ቀበርነው። እናንተም አስተዋዮች ናችሁና ስለ አዋጁ ዳግመኛ አላነሳችሁም፤ በቀጣዩ እሑድ እምነት ስለጎደላቸው ቤተሰቦች ብቻ ሰበካችሁ። የተሰበከበትን ፑልፒት የሠራው ሟቹ ነው፤ አናጺ ነበር። ሰባኪያችን "እምነት!" ባሉ ቁጥር እንጨቱን በመዳፋቸው ይመቱት ነበር። ጥሩ እንጨት ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ግን ተነሳች። ልጃችንን በእጇ ይዛ፣ በመካከለኛው መተላለፊያ፣ ሳትቸኩል ወጣች። የእኔ እጅ ማጉያው ላይ ነበር።

ሁለተኛ፤ ልሰናበታችሁ በመጣሁ ቁጥር ስላደረጋችሁልኝ አቀባበል። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ሻይ አስቀርባችሁ፣ እስክጨርስ አዳምጣችሁ፣ በመጨረሻ "ወንድሜ፣ ሰው የሚቀዘቅዘው ሥራ ሲፈታ ነው" ብላችሁ የአዳራሹን ቁልፍ ሰጣችሁኝ። ቁልፉ አንድ ብቻ እንደሆነ የነገራችሁኝ ከተቀበልኩ በኋላ ነው። ሁለተኛ ስመጣ ወንበር የሚደረድሩት ሁሉ በእኔ ሥር እንዲሆኑ ተወሰነ። በሌላ ቤት የሚሄድ ሰው ይሸኛል፤ እናንተ ቤት ይሾማል። አባቴ "እሺ ይበልጣል ከሺ" እያለ አሳደገኝ፤ ይኸው ሺውንም ሳላገኝ እሺታዬ ብቻ ቀረ።

ሦስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ቅሬታው በእናንተ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ሆኖ ስላገኘሁት።

አራተኛ፤ ባለቤቴን ቤተ ክርስቲያን መምረጥን ያህል ከባድ ነገር ስላስተማራችኋት። በሄደችበት ሁሉ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አሁን ልማዷ ነው። በአንዱ ቤት መዝሙሩ ግሩም ነበር፤ ሰላም የሚሏት ሰዎች ዐይን ግን ከኋላዋ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። በሌላው ገና ስትገባ ስሟን ጽፈው ደረቷ ላይ ለጠፉላት፣ ስትወጣ መልሰው ላጡት። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት ግን፣ ማጉያ እንኳ በሌላት፣ አንድ ሽማግሌ መጋቢ አሉ። ወንድሟ ያ ሁሉ ጸሎት ተደርጎለት ለምን እንደሞተ ጠየቀቻቸው። "አላውቅም፣ ልጄ" አሏት። አጠገቧም ተቀመጡ። በቀጣዩ እሑድ ተመልሳ ሄደች። ከዚያም ወዲህ እዚያው ናት።

እኔም ልከተላት ሞክሬያለሁ። አንድ እሑድ ተከትያት ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ እሷም ቦርሳዋን አንስታ ቦታ ለቀቀችልኝ። ትከሻችን ተነካካ። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስንቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ "ኧረ ወንድሜ፣ ሕዝቡ ደጅ ቆሟል፣ ቁልፉ!" ኪሴን ዳበስኩት። ሮጥኩ። ስመለስ ጸሎቱ አልቆ፣ ባለቤቴ የዳቦ ቤቱ በር ላይ ልጃችንን አቅፋ ቆማ ነበር፤ ቦርሳዋ እንደገና በመካከላችን ነበር። አሁን ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኛለሁ። እናንተ ዘንድ ተቀምጬ እዚያ የሚባለውን አስባለሁ፤ እቤት ገብቼ ደግሞ የአዳራሹን መብራት ማጥፋቴን እጠራጠራለሁ። ልጃችን እሑድ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትቆምና "ዛሬ የማን ነኝ?" ትላለች። ይህንን ጥያቄ ለቤቴ ስላበረከታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

መቼ መውጣት እንደነበረብኝ አሁን አሁን ይገባኛል። አጨብጭቡ ሲባል፣ ወይም ጭብጨባው ሲያልቅ፣ ወይም እሷ ስትነሳ። ሁልጊዜ አንድ ሽቦ በእጄ ነበር።

ትዕግሥታችሁን፣ ሻያችሁን፣ በተለይም ሰውን ያለ ሥራ ያለማስቀመጥ ፍቅራችሁን ዘወትር የማስታውስ፣ ቁልፋችሁን በኪሱ፣ ሽቦአችሁን በክንዱ የያዘ፣ ልቡን ግን የት እንዳኖረው የጠፋበት ታዛዣችሁ፣

ሬዲዮ ጠጋኙ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ልሰናበታችሁ ስመጣ፣ ከመካከላችን የወጡትን ቤታቸው እየሄደ የሚጠይቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጋችሁ ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ቤት የእኔው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄጄ የራሴን በር አንኳኳለሁ፤ ባለቤቴ ትከፍታለች፤ እኔም በተሰጠኝ ሥልጠና መሠረት "እህቴ፣ ለምን ተለየሽን?" እላታለሁ። እሷን አውቃታለሁ፤ "አንተስ ለምን አልወጣህም?" ማለቷ አይቀርም። የወጣ ሰው ለሚጠይቀው ሁሉ በሥልጠናው መልስ ተሰጥቶኛል፤ ላልወጣ ሰው ግን ምንም አልተባለም። ስለዚህ ያቺን የሽማግሌውን መጋቢ ቃል መስተዋት ፊት ቆሜ እየተለማመድኩ ነው። "አላውቅም" ስላት አጠገቤ የቆማችሁት ከሰማችሁ፣ ስንብቴ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ፤ እባካችሁ፣ ደጃፌ ላይ ሌላ ሥራ እንዳትሰጡኝ።